ጆሮውን ያልነካው ልጅ

መስከረም ሊጠባ ሲል በብዙ ትምህርት ቤቶች ደጃፍ የኖረ አንድ ልማድ አለ። ሕፃኑ በመዝጋቢው ፊት ይቆምና «ቀኝ እጅህን በአናትህ ላይ አሳልፈህ ግራ ጆሮህን ንካ» ይባላል። ጣቱ ከደረሰ ይመዘገባል፤ ካልደረሰ «ለከርሞ አምጪው» ተብሎ ከእናቱ ጋራ ይመለሳል።

ልማዱ ያለ ምክንያት የመጣ አይደለም። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ የአንደኛ ክፍል መግቢያ ዕድሜ 7 ዓመት እንዲሆን ሲወስን፥ የልደት ምዝገባ በመላ አገሪቱ የተጀመረው ግን በ2008 ዓ.ም. ነው። ወረቀት በሌለበት ክንድ ምስክር ሆነ። ይሁን እንጂ ክንድ የሚመሰክረው ስለ አጥንት እንጂ ስለ አእምሮ አይደለም። በ2011 ዓ.ም. የተደረገው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት፥ ከ5 ዓመት በታች ካሉት ሕፃናት ከመቶው 37ቱ ቁመታቸው ለዕድሜያቸው ያነሰ መሆኑን አሳይቷል፤ ይህም የቆየ የምግብ እጥረት ምልክት ነው። እንግዲህ በቤቱ የተራበው ልጅ በትምህርት ቤት ደጃፍ ዳግመኛ ሊቀጣ ይችላል ማለት ነው።

በሌላ ወገን እኛ ከተሜዎች ተቃራኒውን ስሕተት እንሠራለን። የጎረቤት ልጅ ስለ ገባ ብቻ የራሳችንን በጥድፊያ እንሰዳለን። ለመሆኑ ልጁ ከእናቱ ተለይቶ ግማሽ ቀን ይውላልን? ሽንቱ ሲመጣበት ለማያውቀው ሰው መናገር ይችላልን? አንድ ተረት እስኪያልቅ ያዳምጣልን? «ደብተሩን አንሣና እዚህ አስቀምጥ» ሲሉት ሁለቱንም ይፈጽማልን? ከእኩዮቹ ጋራ ተራውን ጠብቆ ይጫወታልን? የልጅ ዝግጁነት የሚታየው በዚህ ነው። ሳይደርስ የገባ ልጅ ወደ ኋላ ሲቀር «ሰነፍ» ይባላል፤ ስሙንም አምኖ ያድጋል።

የቄስ ትምህርት ቤቱን የኔታ አለንጋቸውን ባንወድላቸውም አንድ ነገር ያውቁ ነበር። አንዱ ልጅ ፊደልን ፈጥኖ ቢለይ፥ ሌላው ቢዘገይ፥ እያንዳንዱን በየደረጃው ያስቀጽሉ ነበር እንጂ ሁሉን በአንድ እርምጃ አይነዱም። ስለዚህ መዘጋጀት የሚገባው ልጁ ብቻ ሳይሆን ትምህርት ቤቱም ጭምር ነው።

ነገ በመዝጋቢው ወንበር የምንቀመጠው እኛ ወጣቶች ነን። የልደት ወረቀት ያለውን በወረቀቱ እንመዝግብ፤ የሌለውን እናቱን እንጠይቅ፤ የሚያጠራጥረንን ወደ ቅድመ መደበኛው ክፍል እናስገባው እንጂ ወደ ቤቱ አንመልሰው። ጣቱ ጆሮው ላይ መድረሱን ከማየታችን በፊትም ልጁን ራሱን እናነጋግረው።