ተረት የጠበቀው ቅጥር

«ተረት ነው!» ብሎ ነገር መዝጋት ቀላል ነው። ተምረናል የሚሉ ወዳጆቼ ይህችን ቃል ሲወረውሩ ክርክሩን የረቱ ይመስላቸዋል። እኔ ግን ከወደ አየርላንድ ገጠር ምስክር ጠርቼ እሟገታቸዋለሁ።

በዚያች አገር ከ40,000 የማያንሱ ክብ የጥንት ቅጥሮች አሉ። አብዛኞቹ እ.ኤ.አ. ከ500 እስከ 1000 ባለው ዘመን የተሠሩ፣ ዙሪያቸውን በአፈር ክምርና በቦይ የታጠሩ የገበሬ ግቢዎች ነበሩ። ባለቤቶቹ ከተረሱ በኋላ ሕዝቡ ሌላ ነዋሪ ሰጣቸው፤ የማይታዩ ፍጥረቶች። ስማቸውን መጥራት ስለሚፈራም «ደጋጎቹ ሰዎች» ይላቸዋል። ከቅጥሩ አፈር የዛቀ፣ በላዩ የበቀለውን እሾሃማ ዛፍ የቆረጠ፣ ከብቱ ያልቃል፤ ራሱም ጤና አያገኝም ይባላል።

ስለዚህ ገበሬው እርሻውን እስከ ቅጥሩ አፋፍ ያርስና እዚያ ሲደርስ ይመለሳል። ነጻይቱ አየርላንድ የቅርስ ሕጓን ያወጣችው በ1930 ነው። ከዚያ በፊት በነበሩት ዘመናት ዘበኛው ማን ነበር? ቡልዶዘር ሲመጣና ፍርሃቱ ሲላላ ስንቱ ቅጥር እንደተደረመሰ ለሚያይ መልሱ ግልጽ ነው።

ተሟጋቼ እዚህ ላይ ብሪጂት ክሊሪን ያነሣብኛል። በ1895 በቲፐራሪ ባሏ፣ ሚስቴን ወስደው ሌላ ተክተውልኛል ብሎ አቃጥሎ ገደላት፤ እውነተኛይቱ በነጭ ፈረስ ትመጣለች ብሎም ከአንድ ቅጥር ዘንድ ሄዶ ጠበቃት። እውነት ነው፤ ያሳፍራል። በሰው ላይ እጅ የሚያነሣ እምነት ይወገዝ፤ ገዳዩም እስር ቤት ገብቷል። ግን እምነቱን መተው አንድ ነገር፣ ተረቱን መናቅ ሌላ ነገር ነው።

አየርላንዶች ይህን ለይተው አውቀዋል። ከ1937 እስከ 1939 የፎክሎር ኮሚሽናቸው ወደ 50,000 የሚጠጉ ተማሪዎችን ከአያቶቻቸውና ከጎረቤቶቻቸው አፍ በደብተር እንዲጽፉ አደረገ፤ የቅጥሮቹም ወሬ አብሮ ተመዘገበ። በ1999 ደግሞ በክሌር አውራጃ፣ ተረት ነጋሪው ኤዲ ሌኒሃን መንገድ ሊያጠፋት ለነበረች አንዲት እሾሃማ ዛፍ ጥብቅና ቆመ። መንገዱ ተሠራ፤ ዛፏም ተረፈች። መሐንዲሶቹ በደጋጎቹ ሰዎች አምነው ነው አልልም። የሕዝብን ቃል ማክበር ማመንን አይጠይቅም።

እሺ፣ ተረት ነው እንበል። ያን ሁሉ ቅጥር ከማረሻ ያስጣለው ግን እሱ ነው። እናንተስ በሳቃችሁ ምን አዳናችሁ?