ማሞ ይባል?

ፉሪ የምትኖረው እህቴ የልጅ ልጅ አገኘች፤ ወንድ ነው። እሷ በሟች ባሏ ስም «ማሞ» ይባልልኝ ትላለች። ልጇና አማቿ ግን፣ «ትምህርት ቤት ሲገባ ማሞ ቂሎ እያሉ ያሾፉበታል» ብለው አልተቀበሏትም።

ስጋታቸው ከንቱ አይደለም። የተነገረውን ሁሉ ቃል በቃል እየፈጸመ ነገር የሚያበላሸው ያ የተረት ልጅ ስሙን ሲጎዳው ኖሯል። ማሞ ማቆላመጫም ነውና፣ ሽማግሌ ሲጠራበት የሚስቁ አሉ።

እኔ ግን ማሞ ሲባል የሚታየኝ ማሞ ወልዴ ነው። ጥቅምት 1961 ዓ.ም. በሜክሲኮ ኦሊምፒክ አበበ ቢቂላ በጉዳት ማራቶኑን ሲያቋርጥ፣ ማሞ በ2 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ከ26 ሰከንድ ገብቶ ወርቁን ወሰደ። ያኔ 36 ዓመቱ ነበር። በዚያው ኦሊምፒክ በ10 ሺህ ሜትር ብር አግኝቷል፤ ከአራት ዓመት በኋላ ሙኒክ ላይ በማራቶን ነሐስ ጨመረ። እስቲ ቂል የሚለው ካለ ይሞክረው!

የእህቴ ጭንቀት ግን ሌላ ነው። በእኛ አገር ልጅ የራሱን፣ የአባቱንና የወንድ አያቱን ስም ይዞ ይሄዳል። የአባት አባት ማንም ሳይጠይቅለት በልደት ምስክር ወረቀቱ ላይ ይሰፍራል። የእናት አባት ግን ልጁ በስሙ ካልተጠራ በልጁ ሙሉ ስም ውስጥ ቦታ የለውም። እህቴ ደግሞ ያለቻት ይህችው ሴት ልጅ ብቻ ናት።

ለወላጆቹም የነገርኳቸው ይህንኑ ነው። «በመዝገብ ሌላ ስም እንስጠው፣ ቤት ውስጥ ማሞ እንበለው» አሉኝ። አልተዋጠልኝም፤ ቤት ውስጥማ ወንድ ልጅ ሁሉ ማሞ ነው። ልደት በ90 ቀን ውስጥ መመዝገብ አለበት፤ ልጁ ሁለት ወር ሞልቶታል።