ጩኸት ቅባት አይደለም

የተወደዳችሁ ወጣቶች፣ አንድ ጥያቄ ልጠይቃችሁ። እሑድ ከአምልኮ በኋላ ወደ ቤት ስትመለሱ ጆሯችሁ ጭው ብሎ ያውቃል? ታክሲ ውስጥ ረዳቱ ሂሳብ ሲጠይቃችሁ «እ?» ብላችሁ ታውቃላችሁ? ብዙዎቻችሁ «አዎ፣ ግን ማታ ላይ ይለቀኛል» እንደምትሉ አውቃለሁ። እኔም እንደዚያ እል ነበር።

በመዘምራን ኅብረት ውስጥ ዘጠኝ ዓመት ኪቦርድ ተጫውቻለሁ። ቦታዬ ከመድረኩ በስተቀኝ ካለው ትልቅ ስፒከር አጠገብ ነበር። ረቡዕ ልምምድ፣ ቅዳሜ ልምምድ፣ እሑድ ሁለት ፕሮግራም፣ በወር አንዴ የአዳር ጸሎት። ጆሮዬ ጭው ማለቱ መጀመሪያ እሑድ ማታ ይለቀኝ ነበር፤ በኋላ ሰኞ፣ በኋላ ረቡዕ። አንድ ቀን ግን መጣና አልሄደም። ይኸው 7 ዓመቱ ነው። ልጄ ማታ ምስጢር ልትነግረኝ ወደ ቀኝ ጆሮዬ ስትጠጋ ፊቴን አዙሬ ግራውን እሰጣታለሁ። ያኔ ለአንድ ታላቅ ወንድም ብነግረው «ለጌታ የተከፈለ ዋጋ ነው» አለኝ። ለብዙ ጊዜ አምኜው ነበር፤ ዛሬ ግን አላምነውም። ጌታ ይህን ዋጋ አልጠየቀኝም። ያስከፈለኝ ማንም ዝቅ ሊያደርገው ያልደፈረው የሚክሰር ቁልፍ ነው።

ስለዚህ በግልጽ ልናገር። በብዙ አጥቢያዎቻችን ጩኸትን ከቅባት ጋር አምታተነዋል። ድምፁ ሲጨምር «መንፈስ ወረደ» እንላለን፤ ሲቀንስ «አምልኮው ቀዘቀዘ» እንላለን። ይህ ስሕተት ነው። ስሕተቱም የሚጎዳው በመጀመሪያ አገልጋዮቻችንን ነው።

በውስጠኛው ጆሮ ውስጥ ቀንድ አውጣ የሚመስል ትንሽ ክፍል አለ። በእርሱ ውስጥ ድምፅን ተቀብለው ወደ አእምሮ የሚልኩ፣ ፀጉር የሚመስሉ ጥቃቅን ሕዋሳት ተደርድረዋል። ስንወለድ በአንድ ጆሮ 15,000 ገደማ ናቸው። ኃይለኛ ድምፅ ያጎብጣቸዋል፤ ሲደጋገም ይገድላቸዋል። ዶሮ እንኳ እነዚህ ሕዋሳት ሲሞቱባት መልሳ ታበቅላለች። የሰው ግን አንዴ ከሞቱ አይተኩም።

የድምፅ ኃይል የሚለካው በዴሲቤል ነው። በሠራተኞች ጤና መስክ በሰፊው በሚሠራበት መመዘኛ፣ ሰው 85 ዴሲቤል ድምፅ ውስጥ በቀን መቆየት የሚችለው 8 ሰዓት ነው። ከዚያ በላይ ድምፁ 3 ዴሲቤል በጨመረ ቁጥር ጊዜው በግማሽ ይቀንሳል። በ88 አራት ሰዓት፣ በ91 ሁለት ሰዓት፣ በ94 አንድ ሰዓት ይሆናል። በ100 ዴሲቤል 15 ደቂቃ ብቻ ነው። እንግዲህ የእኛ የአምልኮ ጊዜ ስንት ደቂቃ ነው? ከስፒከሩ ፊት የተቀመጡት የሰንበት ትምህርት ልጆችስ?

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2022 ለሙዚቃ ዝግጅቶችና ለመዝናኛ ቦታዎች ባወጣው ደረጃ፣ አማካይ ድምፁ ከ100 ዴሲቤል እንዳይበልጥ፣ ሰው ጆሮውን የሚያሳርፍበት ጸጥ ያለ ቦታም እንዲዘጋጅ አሳስቧል። ለጭፈራ ቤት ይህን ያህል ከታሰበ፣ የእግዚአብሔር ቤት ለልጆቹ ጆሮ ከዚያ ያነሰ ሊያስብ ይገባዋልን?

ጉዳቱ በጆሮ አያበቃም። መድረክ ላይ የሚሆነውን ታውቁታላችሁ። ድራም መቺው በኃይል ይመታል። ጊታሪስቱ ራሱን መስማት ስላቃተው ይጨምራል። ኪቦርዱም ይጨምራል። በመጨረሻ ዘማሪዋ የራሷን ድምፅ ስላልሰማች ትጮኻለች። እየጾመች፣ ውኃ ሳትጠጣ፣ በሳምንት አራት ቀን ትጮኻለች። የድምፅ አውታሮቿ እርስ በርስ እየተፋተጉ ያብጣሉ፤ ሲቆይ እንደ ትንሽ እባጭ ያለ ነገር ያበቅላሉ። ድምፅዋ ሲሻክር «ዝንጅብል በማር ጠጪ» እንላታለን፤ እሑድም ማይክ እንሰጣታለን። ድምፅዋ ጨርሶ ሲዘጋ ሌላ ልጅ እንተካለን። እርስዋ ግን ምን ሆነች ብሎ የሚጠይቅ ጥቂት ነው።

ቃሉ ግን አገልጋይን እንዲህ አይዝም። አንደኛ ዜና መዋዕል ምዕራፍ 25ን አንብቡ። ዳዊት 288 ዘማሪዎችን በ24 ክፍል፣ በየክፍሉ 12 አድርጎ በተራ አሰለፋቸው። ሁሉም ሁልጊዜ አልዘመሩም፤ ተራ ነበራቸው፤ ዕረፍትም ነበራቸው። ነህምያ ምዕራፍ 13 ላይ ደግሞ መዘምራኑ የሚገባቸው ድርሻ ስላልተሰጣቸው አገልግሎቱን ትተው ወደየእርሻቸው ሄደው ነበር። ነህምያ «መንፈሳዊነታቸው ደከመ» ብሎ አልወቀሳቸውም። የወቀሰው ሹማምንቱን ነው። ዛሬ ስንት አጥቢያ ነው ለልምምድ በምሽት የምትመላለሰውን ልጅ የታክሲ ብር አለሽ ወይ ብሎ የሚጠይቃት?

«መዝሙር 150 ስለ ጸናጽል ይናገራል» የሚለኝ አይጠፋም። እውነት ነው፤ እኔም ጸናጽልን እወዳለሁ። ነገር ግን በቤተ መቅደሱ አደባባይ ላይ ኤሌክትሪክ አልነበረም፤ ጣሪያው በቆርቆሮ የተሸፈነ አዳራሽም አልነበረም። ደግሞም በኮሬብ ለኤልያስ ጌታ በነፋሱም፣ በምድር መናወጡም፣ በእሳቱም ውስጥ አልነበረም። ሌላው «ጌታ አገልጋዩን ይጠብቃል» ይላል። ይጠብቃል፤ ነገር ግን ሰይጣን ኢየሱስን ከቤተ መቅደሱ ጫፍ ራስህን ወርውር ሲለው ያቀረበው ክርክር ይኸው ነበር።

«ወጣቱ ያለ ከፍተኛ ድምፅ አይመጣም» ለሚሉም መልስ አለኝ። አባቶቻችንንና እናቶቻችንን ጠይቁ። በደርግ ዘመን ብዙ አብያተ ክርስቲያናት ሲዘጉ አማኞች በየቤቱ ተሰበሰቡ። መስኮት ዘግተው፣ ጎረቤት እንዳይሰማ በሹክሹክታ ዘመሩ። ብዙ ወጣቶች ጌታን ያገኙት በዚያ ሹክሹክታ ውስጥ ነው። ስፒከር አልነበራቸውም፤ ቤተ ክርስቲያን ግን አደገች።

አሁን ወደ እናንተ ልመለስ። ሚክሰሩ ላይ የምትቀመጡት፣ ድራሙን የምትመቱት፣ ማይኩን የምትይዙት እናንተ ናችሁ እንጂ ሽማግሌዎቹ አይደሉም። ስለዚህ እነዚህን አድርጉ።

ስልካችሁ ላይ የድምፅ መለኪያ ጫኑ፤ ፍጹም ትክክል ባይሆንም ከግምት ይሻላል። ለሁለት ሰዓት ፕሮግራም በጉባኤው መካከል አማካዩ ከ90 ዴሲቤል እንዳያልፍ ተስማሙ። ሞኒተሩን በመጨመር ፈንታ ሌላውን መሣሪያ ቀንሱ። ልጆችን ከስፒከር ፊት አንሱ። ድራም መቺና ከስፒከር አጠገብ የሚቆም ሁሉ የጆሮ መድፈኛ ያድርግ፤ ጥጥ መወተፍ ግን በቂ አይደለም። መዘምራን በተራ ያገልግሉ፣ ውኃ ይጠጡ። ድምፅዋ ከሦስት ሳምንት በላይ የሻከረባትን እህት ማይክ ሳይሆን ሐኪም ዘንድ አድርሷት። ጆሮዬ ጭው ይላል የሚላችሁንም ወንድም «ለጌታ ነው» ብላችሁ ዝም አታሰኙት።

በዚህ ሳምንት ልምምድ ላይ አንድ መዝሙር ስፒከሩን አጥፍታችሁ ዘምሩ። አጠገባችሁ ያለውን ሰው ድምፅ ስሙ። ምናልባት አብራችሁ ሦስት ዓመት ያገለገላችሁትን ሰው ለመጀመሪያ ጊዜ ትሰሙት ይሆናል።

ጌታ ጆሯችሁንም ድምፃችሁንም ይጠብቅላችሁ።