የጀርባ አጥንት ስብራትና ጥንቃቄው



በጉራጌ አገር ጎጆ ሲከድን ወይም ባሕር ዛፍ ሲቆርጥ ከላይ የሚወድቅ፣ በወልቂጤና በቡታጅራም መንገድ መኪና ተገልብጦበት የሚጎዳ ሰው አለ። ጎረቤት አዝኖ እየሮጠ ይደርስና አንዱ ብብቱን፣ ሌላው እግሩን ይዞ ያነሣዋል። ያለ ዕውቀት የተደረገ ርኅራኄ ከሞት የተረፈውን ሰው ሽባ ሊያደርገው ስለሚችል፣ ዛሬ በዚህ ነገር ጥቂት ልንናገር ወደድን።

የሰው አከርካሪ 33 አንጓዎች አሉት፤ 7ቱ የአንገት፣ 12ቱ የደረት፣ 5ቱ የወገብ ሲሆኑ የቀሩት 9ኙ ከታች ተያይዘው የተጋጠሙ ናቸው። በውስጣቸው የአንጎልን ትእዛዝ ወደ እጅና እግር የሚያደርሰው ኅብለ ሰረሰር ያልፋል። ከከፍታ የወደቀ ሰው ብዙ ጊዜ የሚሰበረው ደረትና ወገብ በሚገናኙበት ላይ ነው። አጥንቱ ተሰብሮ ኅብለ ሰረሰሩ ደኅና ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን ሰውየው ታጥፎ ሲነሣ ስባሪው ተንሸራቶ ሊቆርጠው ይችላል። የተቆረጠውን የሚቀጥል መድኃኒት ደግሞ እስከ ዛሬ አልተገኘም።

ስለዚህ የወደቀውን ባለበት አስተኝቶ እንዳይነቃነቅ መጠበቅ፣ እግሩም ደንዝዞ እንደ ሆነ መጠየቅ ይገባል። ማንሣት ግድ ሲሆን አንዱ ራሱንና አንገቱን አቅንቶ ይዞ እያዘዘ፣ ሌሎች ሦስት ወይም አራት ሰዎች እንደ ግንድ በአንድነት አንከባለው በሳንቃ ላይ ያሳርፉት። ወጌሻም ለወለቀ ክንድ እጁ የተመሰገነ ቢሆን፣ አከርካሪን ማሸትና መሳብ አይገባውም።

በሆስፒታል ስብራቱ በራጅና በሲቲ ስካን ይመረመራል። አጥንቱ ከቦታው ያልተናጋ እንደ ሆነ በደጋፊ ቀበቶ ተይዞ አብዛኛውን ጊዜ ከ8 እስከ 12 ሳምንት ውስጥ ይጠገናል። የተናጋ ወይም ነርቭ የተጫነ እንደ ሆነ ግን በቀዶ ጥገና በብሎንና በዘንግ ይታሰራል፤ ለዚህም ሕመምተኛው እንደ ጥቁር አንበሳ ወዳለ የአዲስ አበባ ሆስፒታል ይላካል። ከወልቂጤ እስከዚያ 150 ኪሎ ሜትር ያህል ስለ ሆነ፣ ተቀምጦ ሳይሆን በጀርባው ተኝቶ ይጓዝ።

እግሩ ያልዳነለትም ተስፋ አይቁረጥ። በ1936 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር በስቶክ ማንደቪል ሆስፒታል ዶክተር ሉድቪግ ጉትማን እንዲህ ያሉትን ሕመምተኞች በየ2 ሰዓቱ እያስገላበጡ ከመኝታ ቁስል አድነው፣ በስፖርትም አበርትተው ወደ ሥራ መልሰዋል።

በኃላፊነት ላይ ያላችሁ አንባቢዎቻችን ይህንን በዕድርና በገበያ ቀን ለሕዝብ እንድታስረዱልን እንለምናለን። በየዕድሩ ቤት አንድ ሳንቃ ቢቀመጥ ወጪው ጥቂት ነው፤ የሚያተርፈው ግን የአንድ ቤት አባት ወይም እናት ነው።