የአካል ጉዳተኛ ወጣቶች የሥነ ተዋልዶ ጤና መብት እንጂ ችሮታ አይደለም

የአንድ ኅብረተሰብ የንቃት ደረጃ ከሚለካባቸው ዐበይት መመዘኛዎች አንዱ አካሉ ለተጎዳው ወገን የሚከፍተው በር ነው።

በምሥራቅ ደቡብ ጎንደር፣ በላይና በታች ጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ የሚኖረው ሰፊው ሕዝብ አካል ጉዳተኛ ልጁን ከሌለው ላይ ቀንሶ ያበላል፣ ያለብሳል። ዳሩ ግን ያ ልጅ ለአካለ መጠን ሲደርስ ፍቅር የሚሻ፣ ትዳር የሚመሠርት ሰው መሆኑን አምኖ ለመቀበል ይቸገራል። «ለእርሷ ምን ያደርግላታል?» የሚለው ኋላ ቀር አመለካከት ወጣቷን ከምክር ይነጥላታል፤ ከደፋሪ ግን አያድናትም።

ጉድለቱ በቤተሰብ ደጃፍ አያበቃም። የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ የቤተሰብ ዕቅድን ምክር እስከ ቀበሌ አድርሷል፤ የወሊድ መቆጣጠሪያም በመንግሥት ጤና ተቋማት ያለ ክፍያ ይሰጣል። ይሁን እንጂ መስማት የተሳናት ልጃገረድ የምልክት ቋንቋ የሚያውቅ ባለሙያ ካላገኘች ምሥጢሯን በወንድሟ አፍ ለማስተርጐም ትገደዳለች። በወንድሟ ፊት የደረሰባትን ጥቃት እንደምን ትናገር? ለዓይነ ስውሩስ የታተመ ወረቀት ምን ይፈይዳል?

«አካል ጉዳተኛ ምክር አይገባውም» የሚል ቢኖር አገሩ ራሱ ይመሰክርበታል። ጋይንት የድጓ ማስመስከሪያዋ የቤተልሔም አገር ነው። በቤተ ክህነት ትምህርት ቤቶቻችን ዓይነ ስውራን ቅኔውንና ዜማውን በቃላቸው ይዘው መምህራን ሆነዋል። ይህን የተሸከመ አእምሮ ስለ ገዛ ገላው የሚነገረውን መረዳት አይሳነውም።

ሕጉም ግልጽ ነው። አገራችን በ2002 ዓ.ም. ያጸደቀችው የተባበሩት መንግሥታት የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት በአንቀጽ 23 ስለ ትዳርና ስለ ወሊድ በነጻ የመወሰን መብታቸውን፣ በአንቀጽ 25 ደግሞ ከሌላው እኩል የሥነ ተዋልዶ ጤና አገልግሎት የማግኘት መብታቸውን ያረጋግጣል። በመሆኑም ወጣቷን ሳይጠይቁ የወሊድ መከላከያ መርፌ ማስወጋት ምክር ከመንፈግ የማይተናነስ በደል ነው። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 620 በሕመም ወይም በሌላ ምክንያት መከላከል የማትችልን ሴት የደፈረ ሰው ከ5 እስከ 20 ዓመት በሚደርስ ጽኑ እሥራት እንዲቀጣ ይደነግጋል። እንዲህ ያለውን ወንጀል በሽምግልና ማድበስበስ እርቅ አይባልም።

በነሐሴ 2013 ዓ.ም. ጦርነቱ ነፋስ መውጫ በደረሰ ጊዜ ሴቶች ተደፍረዋል፤ የጤና ተቋማትም ተዘርፈዋል። የተጠቂዋ የሕክምና ደጅ ሲዘጋ ቁስሉ እጥፍ እንደሚሆን ያን ጊዜ ታይቷል። ለአካል ጉዳተኛዋ ግን ይህ ደጅ በሰላሙም ዘመን ተዘግቶባት ኖሯል።

ስለሆነም የወረዳ ጤና ጽሕፈት ቤቶች ባለሙያዎቻቸውን የምልክት ቋንቋ ሊያስተምሩ፣ ምክሩን በድምፅ ሊያቀርቡ፣ በየተቋሙ መግቢያ መወጣጫ ሊሠሩ ይገባል። ወላጆችም ልጆቻቸውን ከመደበቅ ይልቅ ሊያማክሯቸው ይገባል። ከሁሉም በላይ ወጣቶቹ በማኅበሮቻቸው ተደራጅተው ዕቅዱ በሚነደፍበት ጉባኤ ይቀመጡ። ስለ ገላቸው የሚወሰነው ያለ እነርሱ ሊወሰን አይገባምና።