የብር ጌጥ ሠሪውና ዘመኑ ይታወቅ

በወልድያና በመርሳ ገበያ የብር ጌጥ በተሸጠና በተገዛ ቍጥር ሁለት ጥያቄዎች ይነሣሉ፤ እነርሱም «ማን ሠራው?» እና «መቼ ተሠራ?» የሚሉ ናቸው። ሻጩ «ከአያቴ የወረስሁት ነው» ይላል፤ ገዥው «ኒኬል ነው» ብሎ ያራክሰዋል፤ ዕቃው ግን የሠሪው ስም ስላልተመታበት ለማንኛቸውም አይመሰክርም። በዚህም ምክንያት ድሪዋን ወይም አልቦዋን ይዛ ከሀብሩ ገጠር የመጣች እናት ከሚገባት ዋጋ በታች ሸጣ ትመለሳለች፤ ባለሱቁም በሌላ ቀን ለነጭ ብረት የብር ዋጋ ከፍሎ ይከስራል።

ይህ ችግር በሌላው ዓለም ከብዙ ዘመን በፊት መድኃኒት ተገኝቶለታል። ለምሳሌ የኖርዌይን አሮጌ የብር ማንኪያ መመልከት ይበቃል። ማንኪያው ሲገለበጥ በእጀታው ጀርባ «830 ኤስ» የሚል ምልክት ይታያል፤ ትርጕሙም ከሺህ እጅ 830 እጁ ንጹሕ ብር ነው ማለት ነው። በአጠገቡም የሠሪው ቤት ማኅተም አለ፤ ይኸውም እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1832 የተቋቋመው የቶስትሩፕ ወይም በ1876 የተቋቋመው የዳቪድ አንደርሰን ቤት ሊሆን ይችላል። ቤቱ ያን ማኅተም በየትኛው ዘመን ይሠራበት እንደ ነበረ ሲታወቅ የማንኪያውም ዕድሜ ይታወቃል። በእንግሊዝ አገር ደግሞ የተፈተነ ብር የነብር ራስ ምልክት እንዲመታበት የታዘዘው በ1300 ነው።

ታዲያ የእኛ አገር ብር በጥራቱ ከኖርዌይ ብር ያነሰ አይደለም። የቀድሞ አንጥረኞች ጌጡን የሚሠሩት ባለቤቱ ቈጥሮ ከሚሰጣቸው ጠገራ ብር ነበር። የማርያ ቴሬዛ ጠገራ ክብደቱ 28 ግራም ከጥቂት ሲሆን፣ ከሺህ እጅ 833 እጁ ንጹሕ ብር ነው። በዳግማዊ ምኒልክ ስም በፓሪስ የተመታውም ብር 835 እጅ ነበር። እንግዲህ በጠገራ የተሠራ የሀብሩ አምባርና የኖርዌይ ማንኪያ በጥራት እኩያ ሲሆኑ፣ አንደኛው ማኅተም ስላለው ይከበራል፤ ሁለተኛው ማኅተም ስለሌለው ይዋረዳል።

በዘመኑም ረገድ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ። በጠገራው ላይ «1780» የሚል ቍጥር ስላለ፣ ጠገራ የተንጠለጠለበት ድሪ ሁሉ ያን ያህል ዕድሜ እንዳለው ተደርጎ ይሸጣል። ነገር ግን 1780 ንግሥቲቱ የሞተችበት ዓመት ነው፤ ገንዘቡ ከዚያ በኋላም ዓመቱ ሳይለወጥ በቪየና፣ ከ1935 ጀምሮም በሮማ፣ ቀጥሎም በሎንዶን፣ በፓሪስ፣ በብሩክሰልና በቦምባይ ተመትቷል። ስለዚህ ቍጥሩ ጌጡ ከዚያ ዓመት በፊት እንዳልተሠራ እንጂ መቼ እንደ ተሠራ አያስረዳም። ዐዋቂዎች የየማተሚያ ቤቱን ሥራ የሚለዩት በንግሥቲቱ ጌጥ ላይ ያሉትን ዕንቍዎችና የንስሩን የጅራት ላባ እያስተያዩ ነው። ከምስሉም በታች ያሉት ሁለት የላቲን ፊደላት የማተሚያ ቤቱ ሹማምንት የስም መነሻዎች ናቸው። ገንዘቡ እንኳ የኀላፊዎቹን ስም ሲሸከም፣ ከእርሱ ቀልጦ የተሠራው መስቀል ስም የለሽ መቅረቱ የሚያሳዝን ነው።

ነጋዴው ማኅተም ባያገኝም ዕቃውን መመርመር ይችላል። ማግኔት ብረትን ብቻ ስለሚያጋልጥ በእርሱ መታመን አይገባም፤ ኒኬል የሚባለው የመዳብ፣ የኒኬልና የዚንክ ቅልቅል በማግኔት አይያዝምና። ከዚህ ይልቅ ውስጡ ያልተቦረቦረውን ጌጥ በአየርና በውኃ ውስጥ መመዘን፣ የመጀመሪያውንም ክብደት በውኃ ውስጥ በቀነሰው ክብደት ማካፈል ነው። የጠገራ ብር ከ10 በላይ ይሰጣል፤ ኒኬል ግን 9 አይሞላም። ዕድሜውንም ለመገመት የጆሮ ኵክ ማውጫዋ አንገት፣ የአልቦው ማጠፊያና የመስቀሉ ቀለበት ይታያሉ፤ ለብዙ ዘመን የተለበሰ ዕቃ የሚሳሳው ከሚታሽበት ስፍራ ነው፤ በአሸዋ ወረቀት ያረጀ የመሰለው ግን ከየአቅጣጫው እኩል ይሳሳል።

ይሁን እንጂ ምርመራ የማኅተምን ቦታ ሊተካ አይችልም። ስለዚህ የየከተማው የንግድ ምክር ቤት አንጥረኞችን መዝግቦ፣ እያንዳንዱ የስሙን መነሻ ፊደል፣ የብሩን ጥራትና የተሠራበትን ዓመት በጌጡ ጀርባ እንዲመታ ቢያደርግ መልካም ነው። «ይህ ወጪ ያበዛል» የሚሉ አይጠፉም፤ ሆኖም አንድ የብረት መምቻ ለብዙ ዓመት ያገለግላል፤ በገዥ ዘንድ የጠፋ እምነት ግን በቀላሉ አይመለስም። ባለሱቆችም በደረሰኛቸው ላይ ዕቃው ብር ወይም ኒኬል፣ አዲስ ወይም አሮጌ መሆኑን ይጻፉ፤ አሮጌውን ሲገዙም ከየት ቀበሌ እንደ መጣና ማን ይለብሰው እንደ ነበረ ይመዝግቡ።

ወደ ውጭ አገር የሚልኩ ነጋዴዎች ደግሞ አንድ ነገር ሊዘነጉ አይገባም። በ1992 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቍጥር 209 ቅርስን ያለ ፈቃድ ከአገር ማስወጣትን ይከለክላል። አዲሱ በማኅተሙ ከአሮጌው ሲለይ ሐቀኛው ላኪ በኬላ ከመጉላላት ይድናል፤ የአባቶች ቅርስም በአዲስ ጌጥ ስም አይሰረቅም።

«ወርቅ ላበደረ ጠጠር» እንዲሉ፣ አንጥረኛው እጁን፣ እናቲቱም የልጅነት ጌጧን ሰጥተው የሚያገኙት ንቀት መሆን የለበትም። ስሙን በሥራው ላይ የሚያኖር ሠሪ ሥራውን ያሳምራል፤ የሚሸጠውን የሚያውቅ ነጋዴም ደንበኛው ተመልሶ ይመጣል።