አጋዘን ቀላቢዎች፣ ይብቃችሁ

ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ «አጋዘን አበባዬን ጨረሰብኝ» ማለት ነውር ሆኗል። ገና አፌን ስከፍት መልሱ ይመጣል፦ «ተዪው የኔ እህት፣ ምስኪን ነው። ቦታውን የወሰድንበት እኮ እኛ ነን።» የተሰበሰበው ሁሉ ራሱን ይነቀንቃል። መሮኛል! የቱን ቦታ ነው የወሰድንበት?

እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በ1900 አካባቢ እዚህ ሜሪላንድ ውስጥ ነጭ ጭራ አጋዘን ከአደን ብዛት ሊጠፋ ተቃርቦ ነበር። ሕግ ወጣለት፤ ከሌላ ቦታም እየመጣ ተለቀቀ። መልካም ተደረገ። ተኩላው ግን አልተመለሰም። ጫካውም ተሸንሽኖ ሣርና አበባ የሞላበት ግቢ ሆነ። ለአጋዘን ከዚህ የተሻለ ግጦሽ የት አለ? የሚያሳድደው የለ፣ ምግቡ በየደጁ። ያደለብነውን እንስሳ እንዳፈናቀልነው አድርጋችሁ አታውሩብኝ።

ጥፋቱን ጎንበስ ብላችሁ አይታችሁታል? በጥቅምት ብርድ የቀበራችሁት ቱሊፕ ለፋሲካ ሰሞን ያቆጠቁጣል። እምቡጡ ነገ ይፈነዳል ስትሉ ሌሊቱን ያልቃል። ጥንቸል ብትሆን በቢላ የተቀላ ያህል ለስላሳ ቁራጭ ትታ ትሄድ ነበር። አጋዘን ግን ከላይ የፊት ጥርስ ስለሌለው ነጭቶ ነው የሚበላው፤ የቀረው አገዳ ጫፉ ተተልትሎ ይታያል። ጽጌረዳውም ሆስታውም ዕጣው ይኸው ነው።

አበባ ብቻ ቢሆን ዝም ባልኩ። እስቲ ጫካ ግቡ። ትልልቆቹ ዛፎች ቆመዋል፤ የሚተካቸው ችግኝ የታለ? ቡቃያው ብቅ ሲል ይበላል። ሮክ ክሪክ ፓርክ ውስጥ መንግሥት ከፈረንጆቹ 2013 ጀምሮ፣ በብርዱ ወራት ሌሊት ፓርኩን ዘግቶ፣ አጋዘን በተኳሽ የሚያስቀንሰው ለዚሁ ነው። ሥጋው ለተቸገሩ ይሰጣል። ነገሩን ለማስቆም ፍርድ ቤት ድረስ ተኬዷል። የኛም ሰው ይህን ሲሰማ «ወይ ጭካኔ!» ይላል፤ ክትፎ እየጎረሰ። በሬው ነፍስ የለውም? ሥጋ ብሉ፣ እኔም እበላለሁ። ደም ያልነካው ሰው መስላችሁ አትፍረዱብኝ እንጂ!

ከሁሉ የሚያንገበግበኝ ግን ቀላቢው ነው። ከበረንዳው ሥር በቆሎ ይበትናል፣ ፎቶ ያነሣል። በዚያው ሳምንት ልጆቹን መዥገር እንዳይነክሳቸው ግቢውን መድኃኒት ያስረጫል። የላይም በሽታ የምታስተላልፈው መዥገር ዕንቁላል ከመጣሏ በፊት የምትጠግበው በማን ደም ሆነና? በአብዛኛው በዚሁ በሚቀልበው አጋዘን ደም ነው! ቸርነቱም ቸርነት አይደለም። በብርድ ወራት ቀንበጥ የለመደ ሆድ በድንገት በቆሎ ሲሞላበት የሚፈጠረው አሲድ እንስሳውን ሊገድለው ይችላል። አንድ ክምር ላይ የሚሻሙትም በሽታ ይጋባሉ። አንተ በበተንከው ተሰብስበው ሌሊት የሚዘልቁት የኔ ግቢ ነው። በሰው ቁስል እንጨት ስደድበት ማለት ይኸው አይደል?

አገር ቤት ገበሬው ማሽላውን ቀን ከዝንጀሮ፣ ሌሊት ከጃርትና ከከርከሮ ሲጠብቅ ማማ ላይ ያድራል። ወንጭፉን ሲያጮኽ ማን ጨካኝ አለው? እዚህ ስንደርስ የራስን ተክል መጠበቅ ወንጀል የሆነው በየትኛው ሕግ ነው?

መፍትሔውን ታውቁታላችሁ። አጋዘን ዘሎ የማያልፈው አጥር ስምንት ጫማ ያህል ይሆናል። የሰፈሩ ማኅበር ግን «ገጽታ ያበላሻል» ብሎ ይከለክላል፤ የተጋጠ ግቢ ገጽታ ሆኖ! ሳሙና ማንጠልጠል የተራበ አጋዘን አያስቆምም። የዕንቁላል ርጭት ይሠራል፣ ዝናብ ባጠበው ቁጥር ግን እንደገና መርጨት ነው። በቱሊፕ ፋንታ መርዛማውን ዳፎዲል መትከል፣ ዳር ዳሩን ጤና አዳም መደርደር ይረዳል። አድርጌዋለሁ። ግን የምወደውን አበባ እስከ መቼ አጋዘን ይምረጥልኝ?

ዝም የምትሉትን አውቃችኋለሁ። ጠዋት መጋረጃ ገልጣችሁ ስትራገሙ፣ ሰው ፊት «ምስኪን» ስትሉ ሰምቻለሁ። በሚቀጥለው የማኅበሩ ስብሰባ አጥሩ እንዲፈቀድ እጄን አወጣለሁ፤ አብራችሁኝ አውጡ። አንተም ቀላቢው፣ በቆሎህን ዛሬ ማታ ከበረንዳህ ሥር አንሣ።